ደቡብ ሱዳን ነዳጅ እያላት ሕዝቧ ለምን ደኸየ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ደቡብ ሱዳን በ2011 ነፃ ስትወጣ ጁባ ሄደው የነገዱ ዘመዶች አሉኝ። ያኔ ዶላር እንደ ልብ ነበር ይላሉ። አገሪቱ ነዳጅ አላት፣ መሬት አላት፣ ከብት አላት። ታዲያ ሕዝቡ እንዲህ የደኸየው በጦርነቱ ብቻ ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? የነዳጅ ዋጋ ቢጨምርስ ኑሮው ይሻሻላል?»

ዓመቶቹን እንደ ጠያቂው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በአጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ጦርነቱ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ የፈነዳው ዲሴምበር 15፣ 2013 ጁባ ውስጥ ነው። የኑሮው መሠረት ግን ከዚያ በፊት ተናግቶ ነበር። ስለ ደቡብ ሱዳን ሲወራ ሁሉም ነዳጅ ነዳጅ ይላል። እኔ ግን ተራውን ሰው ከሁሉ በላይ የጎዳው የዶላር ምንዛሪው አያያዝ ነው ባይ ነኝ። እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መጀመሪያ አገሪቱ ሀብታም መስላ የታየችው ለምን እንደሆነ እንይ። ጁላይ 9፣ 2011 ነፃነት ታወጀ። ብዙም ሳይቆይ የአገሪቱ ስታቲስቲክስ ቢሮ የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት ስሌት አወጣ። በ2010 ለአንድ ሰው 1,546 ዶላር ይደርሳል አለ። ይህ በጊዜው ከኬንያም፣ ከኡጋንዳም፣ ከኢትዮጵያም ይበልጥ ነበር። በዚያው መግለጫ ላይ ግን ሌላ ቁጥር አለ። ለውጭ የሚሄደው ድርሻ ሲቀነስ የነፍስ ወከፍ ገቢው ወደ 984 ዶላር ይወርዳል። ነዳጁን የሚያወጡት በዋናነት የቻይና፣ የማሌዥያና የሕንድ ኩባንያዎች ናቸውና። የቀረው ደግሞ በቀጥታ ወደ መንግሥት ካዝና ነው የሚገባው። ገበሬው ጋ፣ ከብት አርቢው ጋ፣ አሣ አጥማጁ ጋ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

በ2009 የተደረገው የቤተሰብ ጥናት እውነተኛውን ኑሮ ያሳያል። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ፣ 51 በመቶው፣ ከድህነት ወለል በታች ነበር። ማንበብና መጻፍ የሚችለው አዋቂ 27 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ ቀደም በ2006 በተደረገ ጥናት ከ100,000 ወሊድ 2,054 እናቶች ይሞቱ ነበር። እንግዲህ 1,546 ዶላሩና እነዚህ ቁጥሮች የአንድ አገር ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ነዳጁ «ላም አለኝ በሰማይ» ነበር።

ዘመዶችዎ ያዩት ዶላር ግን እውነት ነው። በ2005 የሰላም ስምምነት መሠረት ደቡቡ ገና ነፃ ሳይወጣ ከነዳጁ ገቢ ግማሹን ይቀበል ነበር። የተባበሩት መንግሥታትና የእርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞችም ጁባን ሞሏት። በኮንቴይነር የተሠራ አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ከ100 ዶላር በላይ ይከራይ ነበር። ሆቴሉን፣ ምግብ ቤቱን፣ የውሃ ቦቴውን ከያዙት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ኡጋንዳውያን ነበሩ። ገንዘቡ ነበረ። ጁባ ላይ ገብቶ፣ ጁባ ላይ ዞሮ፣ ከጁባ ይወጣ ነበር።

አሁን ወደ ቧንቧው እንምጣ። ነዳጁ ያለው በዩኒቲና በአፐር ናይል ግዛቶች ነው። ወደ ባሕር የሚወጣው ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በሱዳን በኩል፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ ፖርት ሱዳን። በነፃነት ጊዜ በቀን 350,000 በርሜል ያህል ይመረት ነበር። ከመንግሥት ገቢ 98 በመቶው ከዚያ ነው። እንደ አገር ሲታሰብ ያስደነግጣል። ደመወዝ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ጦር፣ ሁሉም የተንጠለጠለው ትናንት በተዋጋህ ጎረቤት መሬት ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ ላይ ነው።

በማስተላለፊያው ኪራይ ላይ አልተስማሙም። ካርቱም በበርሜል እስከ 36 ዶላር ጠየቀች። ጁባ ከ1 ዶላር በታች አቀረበች። ካርቱም «ያልተከፈለኝን ነው የምወስደው» ብላ ነዳጁን በጉልበት መውሰድ ጀመረች። በጃንዋሪ 2012 መጨረሻ ጁባ ምርቱን ሙሉ በሙሉ ዘጋች። በጊዜው ብዙ ሕዝብ ደግፎታል፤ ቁጣውም ይገባኛል። ንብረትህ ሲዘረፍ ዝም ማለት ከባድ ነው። ግን 98 በመቶ ገቢህን በገዛ እጅህ ዘግተህ ከዓመት በላይ መቀመጥ የሚችል ጎተራ አገሪቱ አልነበራትም። የዓለም ባንክ ያኔውኑ ኢኮኖሚው ሊፈርስ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። በ2012 የአገሪቱ ምርት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ነዳጁ እንደገና መፍሰስ የጀመረው በኤፕሪል 2013 ነው።

ሁለቱ አገሮች የተስማሙት በሴፕቴምበር 2012 አዲስ አበባ ላይ ነበር። ስምምነቱን በቅርበት ማየት ያስፈልጋል፤ ኋላ የመጣው ጣጣ እዚያ ውስጥ ተቀብሯል። ደቡብ ሱዳን ለማጣሪያ፣ ለማስተላለፊያና ለማለፊያ እንደየመስመሩ በበርሜል 9.10 ወይም 11 ዶላር ትከፍላለች። በዚያ ላይ ሱዳን ላጣችው ገቢ ማካካሻ ሌላ 15 ዶላር፤ ድምሩ 3.028 ቢሊዮን እስኪሞላ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በርሜል 24 ወይም 26 ዶላር ገደማ ገና ከመነሻው ይሄዳል። በርሜሉ ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ ይህ ይቻላል። ክፍያው ግን ቁርጥ ነው፤ ከዋጋው ጋር አይወርድም። በ2016 መጀመሪያ የዓለም ዋጋ ወደ 30 ዶላር ሲወርድ ምን ይቀራል? የአፐር ናይሉ ድፍድፍ ደግሞ ወፍራምና አሲድ የበዛበት ስለሆነ ከዓለም ዋጋ ተቀንሶ ነው የሚሸጠው። እጅ ላይ የሚቀረው የማይረባ ገንዘብ ነበር። በዚያው ዓመት ስሌቱ ከዋጋው ጋር እንዲሄድ ተሻሻለ። ግን ጉዳቱ ደርሶ ነበር።

ነዳጁ በደህናው ጊዜ ያመጣው ገንዘብስ የት ገባ? ትልቁ ድርሻ ደመወዝ ሆነ፤ የደመወዙም ትልቁ ድርሻ የታጠቀ ሰው ደመወዝ ነው። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ስካር አልነበረም። በ2006 የጁባ ስምምነት ሲፈረም፣ ቀድሞ ከካርቱም ጎን የተሰለፉ የደቡብ ሚሊሻዎች ወደ ጦሩ እንዲገቡ ተደረገ። ተኩሱን ያቆመው ደመወዝ ነበር። አንዱ አዛዥ ሰዎቹን ይዞ ሲገባና ማዕረግ ሲያገኝ ሌላው ያያል። የደመወዝ መዝገቡ ከ200,000 በላይ ስም ያዘ፤ የጄኔራሎቹ ቁጥር ከ700 አለፈ። በመዝገቡ ውስጥ በሕይወት የሌሉ ወይም ጭራሽ ያልነበሩ ወታደሮች ስምም ነበረበት።

እዚህ ላይ ጥያቄዎን በሌላ ጎን እመልሳለሁ። «ጦርነቱ ነው ወይስ ኢኮኖሚው?» ብለው ለያይተው ጠይቀዋል። እኔ አልለያያቸውም። ሰላሙ የተያዘው በባጀት ነበር። ባጀቱ በ2012 ሲደርቅ ሰላሙን አጣብቆ የያዘው ነገር ላላ። በመሪዎቹ መካከል የነበረው የሥልጣን ሽኩቻ የራሱ ታሪክ አለው፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ገንዘቡ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ አዛዦች ያን ያህል በፍጥነት ወደ ጫካ ይገቡ ነበር ብዬ አላምንም።

ሌብነቱም አለ። በሜይ 2012 ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ለ75 የቀድሞና የወቅቱ ባለሥልጣናት ደብዳቤ ጻፉ። ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ጠፍቷል፣ መልሱ የሚል ነው። ከነፃነት በፊት ለእህል ማከማቻና ለማሽላ ግዥ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ እህሉ ያልታየበት ጉዳይም በሰፊው ይታወቃል። ስለዚህ ብዙ ተጽፏልና አላበዛም። ሰው በደንብ ያላየው ሌብነት ሕጋዊ መልክ የነበረው ነው።

ምንዛሪው እንዲህ ነበር። በጁላይ 2011 አዲሱ ፓውንድ ወጣ። ከሱዳን ፓውንድ ጋር አንድ ለአንድ ተቀየረ። ካርቱምም በዚያው ወር የራሷን ብር ለወጠች፤ ጁባ የሰበሰበችው አሮጌ ኖት ዋጋ አጣ። ከዚያ አንድ ዶላር በ2.95 ፓውንድ እንዲቆም ተወሰነ። ነዳጅ በሚፈስበት ጊዜ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ነዳጁ ሲዘጋ ግን ዶላሩ አነሰ፤ የባንኩ ዋጋ ግን አልተነቃነቀም። ጥቁር ገበያው ፈቀቅ አለ፣ ከዚያ ሮጠ።

አሁን ስሌቱን ልብ ብለው ይከተሉ። አንድ ሰው «መድኃኒት አስገባለሁ»፣ «ምግብ አስገባለሁ» ብሎ በኤልሲ (ዕቃ ከውጭ ለማስገባት ባንክ በሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) 100,000 ዶላር ይፈቀድለታል። ለባንኩ የሚከፍለው 295,000 ፓውንድ ነው። በ2015 ጥቁር ገበያው 10 ፓውንድ በደረሰበት ሰሞን ያንን ዶላር ቢሸጠው 1,000,000 ፓውንድ ያገኛል። አንድ ካርቶን ብስኩት ሳያስገባ 705,000 ፓውንድ ትርፍ። አየር በአየር ማለት ይህ ነው። በ2012 እና በ2015 መካከል በዚህ መንገድ የተከፋፈለው ኤልሲ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። የአገሪቱ ዋና ኦዲተርም መርምሮታል። በስማቸው ዶላር ከተፈቀደላቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ ዕቃውን አላስገቡም፤ አንዳንዶቹ ከወረቀት ውጪ መኖራቸውም ያጠራጥራል። መድኃኒቱ ሳይገባ ቀረ። ዶላሩ ግን ወጥቷል።

ይህን ያወቀ ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም። በኖቬምበር 2013 ማዕከላዊ ባንኩ ዋጋውን ወደ 4.50 አወጣው። ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ዘግይቷል እንጂ። ምክር ቤቱ ተቆጣ፣ የባንኩን ገዥ ጠርቶ ሞገተ፣ ውሳኔው በቀናት ውስጥ ተሻረ። የተሰጠው ምክንያት «ለሕዝቡ ኑሮ ይወደድበታል» የሚል ነበር። ሕዝቡ ግን በ2.95 ዶላር አግኝቶ አያውቅም። ገበያ ላይ ያለው ቲማቲምና ዱቄት የሚተመነው በጥቁር ገበያው ዋጋ ነው። በርካሹ የሚያገኘው በር የሚከፈትለት ሰው ብቻ ነበር። ይህ ቀን ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ጦርነቱ ሊጀምር አንድ ወር ገደማ ነው የቀረው፤ ነገሩን ለማቃናት ከነበሩት የመጨረሻ ዕድሎች አንዱ እንዲህ አለፈ።

ታፍኖ የቆየው የዶላር ዋጋ በመጨረሻ በዲሴምበር 2015 ተለቀቀ። በአንድ ቀን ከ2.95 ወደ 18.5 ገደማ ዘለለ። በ2016 መጨረሻ ከ80 አለፈ። መንግሥት ደመወዝ ለመክፈል ከማዕከላዊ ባንኩ ይበደር ነበር፤ ይህ በሌላ ቋንቋ ብር ማተም ነው። በኦክቶበር 2016 የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ800 በመቶ በላይ ደረሰ።

ይህ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ልንገርዎ። በወር 600 ፓውንድ የሚከፈላት አስተማሪ አለች እንበል። በ2011 ደመወዟ በዶላር ሲታሰብ 203 ነው። ቤት ኪራይ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ የልጅ ደብተር ያዳርሳል። በ2015 አጋማሽ በጥቁር ገበያው 60 ዶላር ሆነ። ምንዛሪው በተለቀቀ ማግስት 32። በ2016 መጨረሻ ከ8 ዶላር በታች። ፓውንዷ ላይ ማንም አልነካባትም፤ ቁጥሩ ያው 600 ነው። እሱም ቢሆን በየወሩ አይደርስም፤ የመንግሥት ሠራተኛው ለወራት ሳይከፈለው ይቆይ ነበር። ብዙ አስተማሪ ሥራውን ትቶ ሻይ መሸጥ፣ ከሰል መሸጥ፣ ለእርዳታ ድርጅት ዘበኛ መሆን ጀመረ። ክፍሉ ባዶ ቀረ ማለት ነው።

የዘመዶችዎም ችግር ከዚህ ጋር ይያያዛል። የውጭ ነጋዴ የሚሸጠው በፓውንድ ነው፤ ዕቃ የሚያመጣው ግን በዶላር። መደርደሪያው እስኪራቆት ሲሸጥ ቆይቶ በሰበሰበው ፓውንድ ግማሹን ዕቃ እንኳ መተካት አቃተው። ብዙዎች ሱቁን የዘጉት ተኩስ ፈርተው ብቻ አይደለም።

ዶላር ያላየ ድሃ ሰው በዶላር ምን ይጎዳል ለሚል ሰው የጁባን ውሃ ላሳየው። ከተማዋ የቆመችው ነጭ ዓባይ ዳር ነው። የቧንቧ ውሃ ግን ለአብዛኛው ቤት አይደርስም። ቦቴዎች ወንዙ ዳር ተሰልፈው ይቀዳሉ፤ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ በበርሜል ይሸጣሉ። ከበርሜሉ ደግሞ በጀሪካን ይቸረቸራል። ቦቴው የሚሄደው በናፍጣ ነው። አገሪቱ ድፍድፍ ትሸጣለች እንጂ የምታጣራው የለም ማለት ይቻላል፤ ናፍጣው የሚመጣው ከሞምባሳ ወደብ በኡጋንዳ አቋርጦ ነው። የሚገዛው በዶላር ነው። ፓውንዱ በወደቀ ቁጥር የአንድ ጀሪካን ውሃ ዋጋ ይወጣል። መክፈል ያቃታት እናት ልጇን ወንዝ ትልካለች። በ2014፣ በ2015፣ ከዚያም ከ2016 እስከ 2017 ኮሌራ ተነስቷል። ወንዙ አጠገብ እየኖሩ ንጹሕ ውሃ የዶላር ዕቃ ሆነባቸው።

ምግቡም ከዚህ አይርቅም። በጁባው ኮኞ ኮኞ ገበያ ያለው ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ የበቆሎ ዱቄት በአብዛኛው በድንበር ከተማዋ በኒሙሌ በኩል ከኡጋንዳ የሚገባ ነው። ደቡብ ምዕራቡ፣ የያምቢዮ አካባቢ፣ ዝናብ የማያጣው ለም አገር ነው። በሰሜን፣ ሬንክ አካባቢ ደግሞ ማሽላ በትራክተር ይዘራል። ግን ከ600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አገር ውስጥ የመጀመሪያው አስፋልት አውራ ጎዳና ያለቀው በ2012 ነው። ከጁባ እስከ ኒሙሌ 192 ኪሎ ሜትር፣ በአሜሪካ እርዳታ። ከያምቢዮ የሚነሳ መኪና በክረምት ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ ከካምፓላ የሚነሳው ይደርሳል። ዶላር በርካሽ በተያዘበት ዘመን ደግሞ የውጭው እህል ከአገር ውስጡ ይረክስ ነበር። ገበሬው ለከተማ እንዲያመርት የሚገፋው ነገር አልነበረም። ዶላሩ ሲወደድ ማምረት ያዋጣ ነበር፤ ያኔ ግን ጦርነቱ ገብቶ ገበሬውን ከማሳው አፈናቅሎታል።

የጦርነቱን ዋጋ ማቃለል አይቻልም። ወደ 4 ሚሊዮን ሰው ተፈናቀለ፤ ከዚያ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ድንበር ተሻገረ፣ ጋምቤላም ጭምር። የዩኒቲ ጉድጓዶች ተዘጉ። ከብት ለዲንካው፣ ለኑዌሩ፣ ለሙንዳሪው ባንክም ጥሎሽም ነው፤ በገፍ ተዘረፈ። በፌብሩዋሪ 2017 በሌርና በማየንዲት ወረዳዎች ረሃብ በይፋ ታወጀ፤ 100,000 ያህል ሰው ሞት አፋፍ ላይ ነበር። ሁለቱም ወረዳዎች ያሉት ነዳጅ በሚወጣበት በዩኒቲ ነው። በ2016 በተደረገ ጥናት በቀን ከ1.90 ዶላር በታች የሚኖረው ሕዝብ 82 በመቶ ደርሷል።

«አዲስ አገር ሁሉ እንዲህ ይሆናል» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ምሥራቅ ቲሞር በ2002 ነፃ ስትወጣ ከተማዋ ተቃጥላ፣ ባለሙያዋ ተሰዶ ነበር። እሷም ገቢዋ ከነዳጅና ከጋዝ ነው። በ2005 የነዳጅ ገንዘቡ በአንድ ፈንድ እንዲጠራቀምና ሒሳቡ ለሕዝብ እንዲታይ ሕግ አወጣች። በ2014 ፈንዱ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይዞ ነበር። የመገበያያ ገንዘቧም ራሱ የአሜሪካ ዶላር ስለሆነ በሁለት ዋጋ መካከል የሚነገድበት ክፍተት አልተፈጠረም። ድህነት አልጠፋም፤ ፈንዱም እየተመናመነ ያሳስባቸዋል። ግን አስተማሪያቸው ደመወዟ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ200 ወደ 8 ዶላር አልወረደም። ደቡብ ሱዳንም በ2013 ለመጪው ትውልድ የሚቀመጥ ፈንድ ያለበት የነዳጅ ገቢ ሕግ አውጥታ ነበር። የሚቀመጥ ገንዘብ ግን አልተገኘም። የወደፊቱ ነዳጅ ሳይቀር አስቀድሞ ለነጋዴዎች እየተሸጠ ደመወዝ ሆነ።

እንግዲህ የመጨረሻው ጥያቄዎ፦ የነዳጅ ዋጋ ቢጨምር ኑሮው ይሻሻላል? በራሱ አይሻሻልም። ቧንቧው አሁንም ያው ነው፤ በሱዳን ጦርነት ምክንያት በፌብሩዋሪ 2024 የአፐር ናይሉ መስመር ተሰብሮ አብዛኛው ኤክስፖርት ተቋርጦ ነበር፤ ፓውንዱም እንደገና ተንኮታኮተ። የዓለም ዋጋ ከፍ ማለቱ ነዳጅ ላልሸጠ አገር ምንም አይደለም።

ዘመዶችዎ ለመመለስ ካሰቡ የበርሜል ዋጋ መከታተሉን ይተዉት። ሦስት ነገር ያጣሩ። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን ሳያቋርጥ ስንት ወር ተቀበለ? የጁባ ገበያ ገዢ የሚያገኘው ከእሱ ነውና። በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው የዶላር ልዩነት ጠብቧል ወይስ ሰፍቷል? ከሰፋ፣ ከዕቃ ይልቅ ወረቀት የሚያተርፍበት ጊዜ ተመልሷል ማለት ነው፤ እውነተኛ ነጋዴ አይቋቋመውም። ሦስተኛ፣ ከያምቢዮ በቆሎ የጫነ መኪና በክረምት ጁባ ይገባል ወይ? የጁባ ነጋዴ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው።